ሥራ ያጣ ሰው ጊዜ የለውም

ሥራ ያጣ ሰው ጊዜ ተርፎታል ይባላል። ሐሰት ነው። ደመወዝተኛ ወሩን በ30 ቀን ይቆጥራል፤ ደመወዙ የቆመበት ሰው ግን ወሩ የሚያልቀው ዱቄቱ ባለቀ ዕለት ነው። የቤት ኪራይ ቀን አለው፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ቀን አለው፣ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ቀን አለው። ቀኑ ሲከበር ያላየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ከሥራ የተሰናበተ ሰው የሚገባውን ገንዘብ የሚቀበልበት ቀን ነው። ሰምቼ አይደለም የምለው፤ ኖሬው ነው።

ቤቴ ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገኘው ሐይቅ። እንጀራዬ ግን ኮምቦልቻ ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እዚያ በተከራየኋት አንዲት ክፍል እያደርኩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሐረጎን ወጥቼ፣ ደሴ ላይ መኪና ቀይሬ፣ ቦሩ ሜዳን አልፌ ወደ ቤተሰቤ እመለሳለሁ። ሥራዬ መጋዘን መያዝ ነው። የማንንም ፋብሪካ ስም አልጠራም፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ አይቸግራትም። እያንዳንዱ መደርደሪያ ላይ ቢን ካርድ ተሰቅሏል፤ የገባው በገቢ፣ የወጣው በወጪ ይመዘገባል፤ ቀሪው ከዕቃው ጋር ካልተገናኘ ማታ እንቅልፍ የለኝም። የመጋዘን ሰው በወረቀት ያምናል። ይህ እምነቴ በኋላ ምን ያህል እንደተፈተነ እመለስበታለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ ወረደ። የሐይቅና የአምባሰል ሰው ወደ ደሴ፣ የደሴ ሰው ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ሁሉም ወደ ደብረ ብርሃን ጎረፈ። ስለዚያ ጉዞ ሌላ ቀን እጽፍ ይሆናል። በጦርነቱ የተያዙት ደሴና ኮምቦልቻ መመለሳቸውን መንግሥት ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። መንገዱ ሲከፈት ከሁሉ አስቀድሜ የሄድኩት ወደ ፋብሪካው ነበር። የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መደርደሪያዎቹ ባዶ ናቸው፤ ቢን ካርዶቼ መሬት ላይ ተረግጠው ዝናብና ጭቃ አጣብቋቸዋል። አንዱን አንሥቼ አየሁት። የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ቀሪ ሂሳቡ ይነበባል፣ ዕቃው የለም።

ግቢው ውስጥ ተሰብስበን የቆምነውን የድርጅቱ ኃላፊ አነጋገሩን። ፊታቸው እንደኛው ጠቁሯል። ማሽን መወሰዱን፣ ባለቤቶቹ እየመከሩ መሆኑን ነገሩን። ከዚያም «ስማችሁንና ስልካችሁን አስመዝግቡ፤ እንጠራችኋለን» አሉ። ተመዘገብን። ደብዳቤ የሰጠን የለም፣ ያልተከፈለን የወር ደመወዝ ሲነሣም መልሱ ያው ነበር፤ «እንጠራችኋለን።»

በዚያ ሰሞን ሥራ ያጣነው እኛ ብቻ አልነበርንም። አሜሪካ ዕቃን ያለ ቀረጥ የምታስገባበትን የአጎዋን ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ስትዘጋ፣ ልብስ ሰፍተው ወደዚያ በሚልኩ የኢንዱስትሪ ፓርኮች የሚሠሩ ወጣቶችም ከየፓርኩ መሰናበት ጀመሩ። በጦርነት የተዘጋውም የንግድ ዕድል ተነፍጎት የተዘጋውም ሠራተኛውን የሚያደርሰው አንድ ደጃፍ ላይ ነው።

ሐይቅ ተመልሼ መጠበቅ ጀመርኩ። ወሎ ውስጥ ችግር ያገኘው ሰው ብቻውን አይቀመጥም። ጠዋት ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠራል፣ «አብሽር» የማይልህ የለም። ቅሬያችን የቀብር ማኅበር ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ለቋሚም ደረሰ፤ ቤቱ የተዘረፈበትን፣ ሥራ የፈታውን በየቤቱ እያየ እህል አካፈለ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ከአንድ ማዳበሪያ ጤፍ ሲሰፈርላቸው በዓይኔ አይቻለሁ። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ማለት ለእኛ ተረት አይደለም። ነገር ግን የሚያካፍለውም ጎተራው የተራቆተ ነበር። ያልተዘረፈ ጎረቤት በሌለበት ዓመት በጎረቤት መኖር ይከብዳል።

አንድ ማታ ቡና ላይ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ጠየቁኝ።

«ደብዳቤ ሰጧችሁ?»

«አልሰጡንም ጋሼ። እንጠራችኋለን ነው ያሉን።»

«በአፍ?»

«አዎ፣ በአፍ።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ስማ ልጄ፤ እነሱ እስኪጠሩህ ድረስ ሕጉ ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም። ይርጋ የሚባል ነገር አለ።»

ያን ማታ የነገሩኝን ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ያለአግባብ ተባርሬያለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ በሦስት ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ የሚጠይቅ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ። ካለፈ አለፈ፤ መዘግየቱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ካላሳየህ በቀር፣ እውነት ቢኖርህም ይርጋ አገደህ ይባላል። ቆጠራው የሚቋረጠው ጉዳዩን ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ አካል ስታቀርብ፣ ወይም አሠሪው መብትህን በጽሑፍ ሲያምንልህ ነው። በአፍ የተነገረ ተስፋ አያቋርጠውም። እኛ በተስፋ የቆየንባቸው ሳምንታት በሙሉ ከእኛ ድርሻ ላይ ነበር የሚቀነሱት።

አዋጁ ለአሠሪውም ቀን ቆርጦለታል። የሥራ ውል ሲቋረጥ ደመወዝና ሌላው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ለሠራተኛው መከፈል አለበት። ከዘገየ ደግሞ ጉዳዩን የሚያየው አካል እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ቅጣት ለሠራተኛው እንዲከፈል ሊወስን ይችላል፤ መዘግየቱ ከአሠሪው አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ካልሆነ በቀር። ልዩነቱን ልብ በሉ። ሠራተኛው ቀኑን ካሳለፈ መብቱ ይጠፋል። አሠሪው ቀኑን ካሳለፈ ጉዳዩ ገና ክርክር ይሆናል።

ሥሌቱም ቀላል ነው። ድርጅት በኪሳራም ሆነ በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ሲዘጋ ሠራተኛው የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ድርጅቱ ስለተዘጋ ወይም ሠራተኛ ስለተቀነሰ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። በቀን 150 ብር ሒሳብ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው እንውሰድ፤ ለመጀመሪያው ዓመት 4,500 ብር፣ ለስድስቱ ዓመት 9,000 ብር፣ ተጨማሪው 9,000 ብር፤ ድምሩ 22,500 ብር። ሀብት አይደለም። አንድ ቤተሰብ ሌላ ሥራ እስኪገኝ ድረስ የሚተነፍስበት ነው። የተተመነውም ለዚያች ክፍተት ነው። ለዚህም ነው መዘግየቱ ተራ ጉዳት የማይሆነው፤ ክፍተቱ ካለፈ በኋላ የመጣ ገንዘብ የተመደበለትን ጉዳይ ስቷል።

በማግሥቱ አብረን እንድንከስ ለባልደረቦቼ ስልክ መደወል ጀመርኩ። ከውጫሌ የምትመላለስ፣ በማሸጊያ ክፍል የምትሠራ፣ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ የሥራ ባልደረባ አለችኝ። «ወንድሜ፣ ከከሰስን እኮ አይጠሩንም» አለችኝ። ይህ ፍርሃት የእሷ ብቻ አልነበረም፤ ብዙዎቹን ቤታቸው ያስቀራቸው እሱ ነው። ሥራውን ይመልሱልኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ከሳሽ መሆን ይከብደዋል። በመጨረሻ ግን አቤቱታው ላይ ቀድማ የፈረመችው እሷው ናት። «ልጆቼ እንጠራችኋለን አይበሉም» አለች።

መጀመሪያ የሄድነው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ያገኘነው ባለሙያ ቅን ሰው ነበር፤ አቤቱታችንን መዝግቦ ለማስማማት እኛንም አሠሪውንም ጠራ። የድርጅቱ ወኪል መጣ፤ ሥራው ለጊዜው ቆመ እንጂ አልተዘጋም አለ። ይህ አነጋገር ትርጉም አለው። አልተዘጋም ከተባለ ስንብት የለም፤ ስንብት ከሌለ ክፍያ የለም፤ ሥራ ደግሞ የለም። ሕጉ ለዚህም መልስ አለው። ሥራ በጊዜያዊነት የሚያቋርጥ አሠሪ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ እግዱም ከ90 ቀን ሊበልጥ አይችልም። «ያሳወቃችሁበት ደብዳቤ የት አለ?» ተብለው ሲጠየቁ ደብዳቤ አልነበረም። ስምምነቱ ከሸፈ፤ ወደ ፍርድ ቤት አመራን። ሠራተኛ በሠራተኛነቱ ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። የማመልከቻ ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ትራንስፖርት ግን ማንም አይከፍልልህም። ሥራ ለሌለው ሰው ከሐይቅ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ትልቅ ወጪ ነው፤ ተነሥተህ ሄደህ «መጥሪያው አልደረሰም፣ ለሌላ ቀጠሮ» ስትባል ደግሞ ወጪው እጥፍ ይሆናል።

ትልቁ ፈተና ማስረጃው ሆነ። የድርጅቱ ፔሮል ከቢሮው ጋር ወድሟል፤ የእኛም የቅጥር ደብዳቤ እንዲሁ። እኔ ከኮምቦልቻ ስወጣ የያዝኩት የሥራ መታወቂያዬን ብቻ ነበር። ወኪሉ የዚህን ያህል ዓመት መሥራታችንን አናውቅም አለ። አብሮኝ ምሳ የበላ ሰው ነው። እንግዲህ ሠራሁ የምትለውን ዓመት ከሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ ፈልገህ ማውጣት አለብህ። ደመወዛችን በባንክ ይገባ ስለነበር ስቴትመንት አወጣን። ሌላው መንገድ ጡረታ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ ገንዘቡ የሚገባው በግብር ሰብሳቢው በኩል ስለሆነ በየወሩ ስምህ ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥርህ ጋር እዚያ ይሰፍራል። ያን ዝርዝር ማግኘት ደጅ መጥናት ይጠይቃል፤ ከተገኘ ግን ማንም አይክደውም። ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ይህን ጽሑፍ ካነበበ ዛሬውኑ የቅጥር ደብዳቤውን ፎቶ አንሥቶ ለአንድ ዘመዱ ይላክ።

በዚያ መሐል፣ ቀጠሮ በሌለኝ አንድ ቀን፣ አጎቴ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይዘውኝ ሄዱ። ገዳሙ ጥንት ደሴት የነበረ፣ አሁን ከየብስ ጋር የተያያዘ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ አቅንተውት ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርተውበታል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ እንደተማሩ ይነገራል። የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ አንዱ የነበረበት ዘመን አለ። ይህን ሁሉ ልጅ ሆነን ሰምተነዋል። በዚያ ቀን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ፤ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ። በዚያ ወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ የገዳሙ መጻሕፍት፣ ንዋያተ ቅድሳትና ርስት ተመዝግቧል። እኔ የመጋዘን ሰው ነኝ፤ ዝርዝር ሳይ ልቤ ይሞቃል። አባቶች መዝገባቸውን ማንም ሊያቃጥለው በማይደፍረው መጽሐፍ ውስጥ ጻፉት፤ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ኖረ። የስንት ሰው የጉልበት ዘመን የተመዘገበበት የእኛ ፔሮል ግን አንድ ጥቅምትን አልተሻገረም። የሠራተኛ አገልግሎት በአሠሪው ሳጥን ውስጥ ብቻ መቀመጥ እንደሌለበት የገባኝ እዚያ ነው። ሁለተኛ ቅጂ ሊኖር ይገባል፤ በሠራተኛው እጅና በመንግሥት መዝገብ።

ፍርዱ ተሰጠ። ድርጅቱ ተዘግቷል፣ ስንብቱም ተጨማሪውም ይከፈል፣ ክፍያው በመዘግየቱም ቅጣት ይታከልበት ተባለ። ግቢው ውስጥ ተቃቅፈን አለቀስን። አዋጁ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሠራተኛን ክስ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን፣ ይግባኝም በ30 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። አሠሪው ቀኑ ሳያልፍ ይግባኝ አለ። የአፈጻጸም እግድም አወጣ። ከዚያ በኋላ መንገዳችን ወደ ደሴ ሆነ። እግድ ማለት ፈረደልህ ተብሎ በእጅህ የያዝከው ወረቀት ቀለብ የማይገዛበት ጊዜ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስንብቱን አጸና፣ የመዘግየት ቅጣቱን ሠረዘ። ምክንያቱ ጦርነቱ ከአሠሪው አቅም በላይ ነው የሚል ነበር። በፍርዱ ላይ አልከራከርም፤ ሕጉ ያንን በር ከፍቶታል። ነገር ግን ያ ጦርነት ከእኛም አቅም በላይ ነበር። የውጫሌዋ እህቴ ልጆቿን ይዛ በእግሯ ስትሸሽ ይርጋው ቆሞ አልጠበቃትም። አሠሪው ከአቅም በላይ ሲሆንበት ዕዳ የሚቀለው፣ ሠራተኛው ከአቅም በላይ ሲሆንበት ግን ጥቂት ቀን ብቻ የሚሰጠው ለምንድን ነው? ሕግ አውጪዎች እንዲመልሱልኝ የምፈልገው ይህን ጥያቄ ነው።

ከይግባኙ በኋላ ደግሞ አፈጻጸም አለ፤ ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ቀጠሮ። ገንዘቡ በመጨረሻ ተከፋፍሎ ደረሰን። ያን ጊዜ እኔ ሌላ መጋዘን ይዤ ነበር። የጤፍና የዘይት ዋጋ ሥራ ባጣንበት ወር ከነበረበት ብዙ ርቋል። ተበድረን በኖርንበት ዋጋና በተከፈለን ገንዘብ መካከል ያለውን ልዩነት የቻለው ቅሬው፣ ባለሱቁና ዘመድ ነው። የአሠሪውን ዕዳ ሐይቅ ከፈለችው ማለት ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሰማሁት ዋሽንግተን አካባቢ ከምትኖር የአክስቴ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኮቪድ የምትሠራበትን ሆቴል ሲዘጋው ከሥራ ወጣች። እዚያ ለሥራ አጥ የሚከፈለውን ገንዘብ «አንኢምፕሎይመንት» ይሉታል። ያን ሰሞን የአገሬው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ስላመለከተ ስልኩ አይነሣም፣ ማመልከቻዋም ለብዙ ጊዜ ተንጠልጥሎ ቆየ፤ እሷም እንደኛው አልቅሳለች። ሲፈቀድላት ግን ካመለከተችበት ሳምንት ጀምሮ ያለው ተጠራቅሞ ገባላት፤ የፌዴራል መንግሥቱ እስከ ሐምሌ መጨረሻ በጨመረው በሳምንት 600 ዶላርም የቤት ኪራይዋን ሸፈነች። መዘግየት እዚያም አለ። ግን የሚከፍላት ሆቴሉ አይደለም፤ አስቀድሞ የተዋጣ ፈንድ ነው። ሆቴሉ ከሰረም አልከሰረም ገንዘቡ አለ።

ይህ የሀብታም አገር ብቻ ወግ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ሠራተኛው ከደመወዙ 1 በመቶ፣ አሠሪውም 1 በመቶ ለሥራ አጥነት መድን ፈንድ ያዋጣሉ። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 የተሰናበተ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ፣ ወይም የሥራ አጥነት መድን፣ ወይም ሁለቱንም ሊያገኝ እንደሚገባ ይላል። እኛ የመረጥነው ስንብቱን ብቻ ነው። ስንብት ደግሞ ከባዱ ጉድለቱ ይህ ነው፤ ሠራተኛው እጅግ በሚፈልገው ቀን፣ አሠሪው በከሰረበት በዚያው ቀን፣ ከከሰረው ሰው ኪስ ይጠበቃል። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም። የሌላቸውን ነበር የጠየቅናቸው፤ እኛም ሠርተን ያላገኘነውን ነበር የምንጠብቀው።

ጡረታ ለማዋጣት መዝገቡም፣ ሰብሳቢውም፣ የመለያ ቁጥሩም አለን። ወር በገባ ቁጥር ስማችን እዚያ ይሰፍራል። የሥራ አጥነት መድንም በዚያው መንገድ ሊሰበሰብ ይችላል። በ4,500 ብር ደመወዝ ላይ 1 በመቶ 45 ብር ነው። በዚያ ፋብሪካ ውስጥ «ሥራ ብታጣ ሦስት ወር ይይዝሃል» ተብሎ 45 ብር ቢቆረጥበት የሚያጉረመርም ሰው አላውቅም። ለቅሬ በየወሩ የምናዋጣ ሰዎች ነን፤ ሳይደርስብን ማዋጣት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም።

እስከዚያው ድረስ ወጣት ሠራተኛ ባገኘሁ ቁጥር አንድ ነገር እላለሁ። እንጠራችኋለን ሲሏችሁ «በደብዳቤ ይሁንልን» በሉ፤ ደብዳቤው ካልመጣ ስድስቱን ወር አትጠብቁ፣ አቤቱታችሁን አስመዝግቡ። ለሚመለከታቸው ደግሞ የምለው አለኝ። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ፣ ድርጅቱ ተዘጋ ወይስ ቆመ፣ ጦርነቱ ለማን ምክንያት እንደሚሆን ክርክሩ ይቀጥል፤ ዳኞች አሉን፣ ይግባኝ አለን። ሠራተኛው ግን አስቀድሞ ይከፈለው፤ ክርክሩ ሊጠብቅ ይችላል፣ ልጆቹ ግን አይጠብቁም።